ዘግይቶ የተነበበ ምዕራፍ

ወይዘሮ ፈለቀች ወንድማቸውን አቶ ቢተውን ማክሰኞ ዕለት ደብረ ብርሃን ቀብረው ሲመለሱ፣ ጥቁሩን ቀሚስ ጉርድ ሾላ አንዲት ወዳጃቸው ሱቅ ውስጥ አውልቀው ጎሮ ካለው ቤታቸው ገቡ። የሟቹ ልጅ ወይንሸት ሐሙስ የነርስነት መውጫ ፈተናዋን ትወስዳለችና፣ የዕድር ሽማግሌዎች መርዶው እስከ ዓርብ ንጋት ይቆይ ብለዋል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት አክስቷ ምስጢሩን ተሸከሙ። ከጥናት ያዘናጋሻል ብለውም ስልኳን ከሰኞ ጀምሮ ወስደውባታል።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወይንሸት እንደ ልማዷ ደብተሩን አስያዘቻቸው። እሳቸው የመድኃኒቱን ስም ይጠራሉ፤ እሷ ጥቅሙንና ጉዳቱን ትዘረዝራለች።

«ዲ... ጎክ... ሲን።»

«እቴቴ፣ አንቺ ጠርተሽ እስክትጨርሺው በሽተኛው ይሞታል!»

ወይዘሮ ፈለቀች አብረዋት ሊስቁ ሞከሩ።

«የልብ ድካም መድኃኒት ነው። ሰውነት ውስጥ ሲበዛ ያስመልሳል፤ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ብርሃን ቢጫ ሆኖ...» ወይንሸት ደብተሩን ነጥቃ አየችው። «አባባ የሚውጠው እኮ ነው! እሑድ ሲደውል አምፖሉ ቢጫ ይሆንብኛል፣ እህልም አስጠልቶኛል ብሎኝ ነበር። እኔ ደግሞ መነጽር ቀይር አልኩት! በይ ደውዪለት፤ ክኒኑን እንዳይውጥ፣ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂድ!»

ወይዘሮ ፈለቀች ወደ ግቢው ወጡ። ያልደወሉበትን ስልክ ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ልጅቱ በመስኮት እያየቻቸው፣ «እንዳትውጠው፣ ወንድምዬ» አሉ።

«እሺ አለ?»

«እሺ አለ። ልጄ ሐኪም ሆነችልኝ ብሎም ሳቀ።»

ወይንሸት ተረጋግታ አጠናች፤ ሐሙስም ደህና ተፈትና ወጣች።

ዓርብ ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ገብተው መርዶውን ነገሯት። አልጮኸችም፤ አክስቷን ብቻ አየች።

«ዋጠው እንዴ? እሺ ብሏል አላልሽኝም?»

ወይዘሮ ፈለቀች ለደግ የዋሹት ነገር እንደ እሾህ ወጋቸው። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። የሞተው ሰኞ ነው። ረቡዕ ስትነግሪኝ ቀብረነው መጥተን ነበር፤ ብትደውዪም የሚያነሳ አልነበረም። ጥፋት የለብሽም።»

ይህስ ያጽናናታል ብለው ነበር።

ወይንሸት ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። «እሑድ ግን ነበረ፣ እቴቴ» አለች። «እሑድ በገዛ አፉ ነግሮኝ ነበር። እዚያ ምዕራፍ ላይ ገና አልደረስኩም ነበር።»

የጮኸችው ከዚያ ወዲያ ነው።