ጉልበት የማይነካው መንገድ

ያን ሰሞን አሰጋሽ ቤተሰቡን ሁሉ ተራራ ካላወጣሁ ብላ ሰው አላስቀምጥ አለች። ተራራው ወይራ አምባ ነው፤ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ አናቱን ጥድና ወይራ የሸፈነው፣ በዛፎቹም መሀል የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ያለበት። የኅዳር ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል።

«መንገዱ እኮ ቀላል ነው፣ አባዬ» ትላለች። «ማልደን ወጥተን ከብት ሳይገባ እንመለሳለን። አንቱ በበቅሎ፣ እኛ በእግር፣ ጥላ ለጥላ። ከላይ ሆነው ሲያዩ የአባይ በረሃ ወለል ብሎ ይታያል!»

አባቷ አቶ ቸኮል ጉልበታቸውን እያሹ «የዛሬ ዓመት ከደጅ መውጣት አቅቶን፣ ዘንድሮ ተራራ አማረን» ብለው ሳቁ። እናቷ አልታዬም ሳቀች። ያን ዓመት ሰው ለመሳቅ ብዙ ምክንያት አይፈልግም ነበር። ዝናቡ በወቅቱ ዘንቧል፣ ጤፉ አጎንብሷል፣ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ ተብሏል። ነገ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ብቻ ከዚያ ክፉ ረሃብ ወዲህ ሆድ ጠግቧልና በሆነ ባልሆነው ይሳቃል።

አሰጋሽ ግን የደበቀችው ጉዳይ ነበራት። በረሃቡ ጊዜ የጎረቤታቸው ልጅ ሞላ ከታላቅ ወንድሙ ከውበቱ ጋር ሥራ ፍለጋ ሁመራ ሲወርድ «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ሞላን በሕይወት ብትመልስልኝ፣ በበዓልህ ቀን ደጅህ ላይ ቆሜ ስሙን ጠርቼ ለሕዝብ እናገራለሁ» ብላ ተስላለች። እንደ ሰው ጧፍ ወይም ዣንጥላ ብትሳል ምን ነበረበት! ግን ያኔ ቤታቸው ባዶ ነበር፤ ያላት አፏ ብቻ ስለነበር አፏን ሰጠች።

ሞላ በሰኔ መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በእግሩ እየሄደ። ውበቱን ወባ እዚያው አስቀረው። እናታቸው እትዬ ድንቅነሽ አንዱን ልጃቸውን አቅፈው ለሌላው አለቀሱ። እንግዲህ ስለቱ ካልተከፈለ መልአኩ ይቀየማል፤ ከተከፈለ ደግሞ እፍረቱ አለ። ከእፍረቱም የባሰው የድንቅነሽ ፊት ነው። ልጅ የሞተባት እናት እያየቻት እንዴት ብላ ስለ ሌላው ደስታዋን ታውጃለች?

ስለዚህ እናትና ልጁ አብረው እንዳይወጡ ዘዴ ዘየደች። «አውድማውን ሞላ ይጠብቅ» አለች ዝም ብላ የምታወራ መስላ። «እትዬ ድንቅነሽም ቢቀሩ ይሻላል፤ ዳገቱ ያደክማቸዋል።»

«ቀላል ነው ስትዪ አልነበር?» አሉ አባቷ።

«በበቅሎ ለሚሄድ ነው ያልኩ!»

«አብሽሪ ልጄ» የሚል ድምፅ ከበር መጣ፤ ድንቅነሽ ናቸው። «ሚካኤልን ለመሳለም ምን ይደክመኛል? ዳቦውን ሞላ ይሸከምላችኋል።» ሞላ ከኋላቸው ቆሞ ፈገግ ሲል አሰጋሽ የያዘችውን እርጎ ግማሹን ቀሚሷ ላይ ደፋችው።

በበዓሉ ቀን ወጡ። ዳገቱ እውነትም ቀላል ኖሯል፤ ለአሰጋሽ ብቻ ከበዳት። አቶ ቸኮል ከበቅሏቸው ላይ ሆነው መንገዱን ሁሉ ሲቀልዱ፣ ሞላ ዳቦውን ተሸክሞ ሲያፏጭ፣ እሷ የምትናገረውን በልቧ እየደጋገመች ጥዶቹ ሥር ደረሰች።

ከቅዳሴ በኋላ አባ ወልደሩፋኤል ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው «ስለት የሰመረለት ይምጣ!» አሉ። አንዱ ስለ ዝናቡ፣ አንዷ ስለ ላሟ ተናገሩ፤ በየመሀሉ እልልታ ነው። አሰጋሽ ዝም ብዬ ልመለስ ይሆን ብላ ዞር ስትል ሞላ ዳቦውን አቅፎ አባይን ያያል። በሕይወት አለ። ከዚያ በኋላ እግሯ ራሱ ወሰዳት።

«ሞላን መልስልኝ ብዬ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ እንደዚያ መጮሁ እሷንም አስደነገጣት። «መለሰልኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። አባቷ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። አሰጋሽ ዓይኗን ጨፍና መሬት ተከፍታ እንድትውጣት ስትጠብቅ፣ ከጥዱ ሥር አንዲት ሴት ብቻዋን እልል አለች። ድንቅነሽ ነበሩ። እልልታው መሀል ላይ ተሰበረ፤ ሴቶቹ ተቀበሉት፤ ደኑ ሁሉ አስተጋባ።

ድንቅነሽ መጥተው አቀፏት። «እኔ ለሁለቱም ነበር የተሳልኩ» አሉ ጆሮዋ ሥር። «አንዱ ሲቀርብኝ ለመጣው ማመስገን አቃተኝ። ይኸው አመሰገንሽልኝ።» ሁለቱም እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

ሞላ እስከ ጆሮው ቀልቶ ዳቦውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፋው። አቶ ቸኮል ግን በቅሏቸውን ለድንቅነሽ ሰጥተው ቁልቁለቱን በእግራቸው ጀመሩት።

«አባዬ፣ ጉልበትዎስ?» አለች አሰጋሽ።

«መንገዱ ቀላል ነው አላልሽም!» አሏት።