የጫት ተራው ትልቁ አንጀት

ሳጂዳ «ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢ» በተባለች ቁጥር ሳል ይይዛት ነበር። ተራ ሳል አይደለም፤ ከሆዷ ተነስቶ ትከሻዋን የሚንጥ፣ ዓይኗን እንባ የሚሞላ፣ ያየ ሁሉ «ኧረ ውሃ ስጧት» የሚልለት ሳል ነው። ውሃው እስኪመጣ፣ መጥቶም እስኪጠጣ፣ ከተጠጣ በኋላም ደረቷ እስኪታሸት የማንበቡ ተራ ወደ ጎረቤቷ ያልፋል። አሥረኛ ክፍል የደረሰችው በዚህ ዘዴ ነው። ፊደል እሷ ፊት ሲቀርብ አርፎ አይቀመጥም፤ ይገለባበጣል፣ ከመስመሩ ይወርዳል፣ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። ይህንን ለማንም ተናግራው አታውቅም። ሰነፍ ከመባል በሽተኛ መባል ይሻለኛል ብላ ነው።

መምህርት ሰርክአዲስ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ ጭሮ የመጣች የልዩ ፍላጎት አስተማሪ ናት። ቀጠን ያለች፣ ቶሎ የማትናገር፣ ስትቆጣም ስትቀልድም ፊቷ የማይለዋወጥ ሴት ነበረች። ትምህርት ቤቱ የተሰበሩ ወንበሮች የሚጣሉበትን ክፍል አስለቅቆ ሰጣት፤ እሷም ጠረገችውና ትምህርት የከበዳቸውን ልጆች ከሰዓት በኋላ እየጠራች እዚያ ታስጠና ጀመር። ሳጂዳ በተጠራችበት ቀን ገና ወንበሯን ሳታሞቅ «እስቲ ይህችን አንቀጽ አንብቢልኝ» ተባለች። አፏን ከፍታ ሳሏን ልትጀምር ስትል መምህርቷ አንድ ኩባያ ውሃ ፊቷ አስቀመጠችላት።

«መጀመሪያ ጠጪ።»

ሳጂዳ ጠጣች። መሳል የነበረባት ከመጠጣቷ በፊት መሆኑ የታወሳት ኩባያው ባዶ ከሆነ በኋላ ነው።

«አለቀ?» አለች ሰርክአዲስ።

«አለቀ፣ ቲቸር።»

«ጥሩ። እንግዲህ ማንበብ እንደሚያስቸግርሽ እኔ አውቄያለሁ፤ ማወቄን ደግሞ አንቺ አውቀሻል። ከአሁን በኋላ መደባበቁ ቀርቶ ሥራው ብቻ ነው የሚቀረን።»

ሳጂዳ ልትናደድ ፈለገች፤ ግን እንዲህ ባለ ሁኔታ ተሸንፋ ስለማታውቅ ንዴቱ አልመጣላትም። እንዲያውም ትንሽ ቀለል አላት።

በዚያ ክፍል ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሩ። ብሩ ከመቻራ መጥቶ አክስቱ ቤት የሚማር፣ ዓይኑ እጅግ የደከመ ልጅ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ለሱ ጥቁር ግድግዳ ነው። መክሊት ደግሞ ዓይኗም ጆሮዋም ደህና ነው፤ ችግሯ መቀመጫዋ ነው፤ ወንበር ላይ ትንሽ ከቆየች እሾህ እንደወጋት ሰው ብድግ ትላለች። ሰርክአዲስ «ቁጭ በይ» አላለቻትም። «አንቺ ቆመሽ አጥኚ፤ ስትፈልጊ ተንጎራደጂ፤ ብሩ ላይ ብቻ እንዳትወድቂ» አለቻት። ብሩ ትምህርቱን በራሱ አነጋገር ስልኩ ላይ እየቀዳ መልሶ እንዲያዳምጥ አደረገችው። ለሳጂዳ ደግሞ ከካርቶን ላይ አንድ መስመር ብቻ የምታሳይ ቀጭን መስኮት ቆርጣ ሰጠቻት። መስኮቷ መጽሐፉ ላይ ስትቀመጥ ፊደሎቹ ትንሽ አደብ ገዙ። ሙሉ በሙሉ ግን አልታረቋትም፤ መጽሐፉ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው።

አንድ ቀን ሰርክአዲስ «ሳታጠኚው በቃልሽ የምታውቂው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«ምንም።»

«መናኸሪያ አካባቢ ምን አለ?»

ሳጂዳ ጀመረች። ከመናኸሪያው ተነስታ ቁልቁለቱን ወረደች፤ ወፍጮ ቤቱን አለፈች፤ የጨርቅ ተራውን ጠመዝማዛ መንገድ ሱቅ በሱቅ ቆጠረች፤ የአዴ ረዲያን የሳሙናና የዘይት ሱቅ ነካክታ ጫት ተራ ደረሰች። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ሚዛን እንደሚያጭበረብር፣ የማን ልጅ ከበደሳ ከተማ ሚስት ሊያመጣ እንዳሰበ ሁሉ ጨመረችበት። መምህርቷ ሳታቋርጣት አዳመጠችና «ይሄን ሁሉ ማን አስጠናሽ?» አለች።

«ማንም። እናቴ ስለምትልከኝ ነው።»

«በሚቀጥለው ሳምንት የባዮሎጂ ፈተና የሚወጣው ከምግብ መፈጨት ምዕራፍ ነው። እንግዲህ ምግቡን መናኸሪያ አሳፍሪውና እስከ ጫት ተራ ውሰጂው።»

ሳጂዳ ይህን ስትሰማ በትምህርት ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ የቤት ሥራ አማራት። መናኸሪያው አፍ ሆነ፤ ሁሉም በዚያ ነው የሚገባው፤ የመኪና ረዳቶቹም እየተጣሩ ቀኑን ሙሉ አይዘጉትም። ቁልቁለቱ ጉሮሮ፣ ወፍጮ ቤቱ ጨጓራ፣ የጨርቅ ተራው ትንሹ አንጀት ሆነ፤ እዚያ የገባ ሰው ወዲያና ወዲህ እየተጎተተ ያለው ጥሩ ነገር ሁሉ ተመጥጦ ነው የሚወጣው። አዴ ረዲያ ጉበት ሆነች። ጉበት ቅባት የሚበትን ሐሞት ያመነጫል፤ አዴ ረዲያም ሳሙና ትሸጣለች። ቀሪው ትልቁ አንጀት ነበር። ለዚህ ሳጂዳ አልተቸገረችም። አቶ ዘይኑዲን ጫት ነጋዴ ነው፤ ጥሩ ጥሩው ታስሮ አይሱዙ ላይ ከተጫነ በኋላ የማይቃመው ቅጠል፣ ገራባው፣ በሩ ላይ ተከምሮ ይቀራል፤ ፍየሎች እንኳ ጠግበው የሚተዉት ክምር ነው።

ሦስቱ ልጆች ከትምህርት በኋላ መንገዱን በእግራቸው ሄዱት። መክሊት እየዘለለች ከፊት፣ ሳጂዳ ብሩን እጁን ይዛ ከኋላ። ብሩ ችግሩ ዓይኑ ብቻ ሆኖ ሳለ ሲያወራ የሚሰማው ሰው የደነቆረ ይመስለዋል።

«ትልቁ አንጀት የታለ?» አለ ጫት ተራው መሃል ቆሞ።

«ቀስ በል። እዚያ ጋ፣ ኦቦ ዘይኑዲን።»

«ኦቦ ዘይኑዲን ነው ትልቁ አንጀት?»

አዴ ረዲያ ከባንኮኒዋ ኋላ ብቅ አለች። የዘይኑዲን ገራባ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር በሯ ላይ ስለሚራገፍ ሁለቱ ከተነጋገሩ ቆይተዋል። «ነይማ ሳጂዳ፣ ምን አልሽ?» ብላ ጠራቻት። ሳጂዳ ነገሩን ማድበስበስ ትችል ነበር። ነገር ግን የሴትየዋ ዓይን ውስጥ ያየችው ደስታ ልቧን አሸነፈውና ከአፍ እስከ መጨረሻው አስረዳቻት።

«እኔስ ምንድነኝ?»

«እርስዎ ጉበት ነዎት።»

«ማሻ አላህ» አለች ረዲያ፣ ሻርፓዋን እያስተካከለች። ለሦስቱም ብስኩት ሰጠቻቸው።

በማግስቱ ጫት ተራ በሙሉ ሰምቷል። ጫኞቹ «አንጀቱ ዛሬ ስንት እስር አለህ?» እያሉ ሲያልፉ ዘይኑዲን መጀመሪያ ስድብ መሆኑ አልገባውም፤ ሲገባው ግን ጥምጣሙን አስተካክሎ፣ ባጃጅ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ ወጣ።

ሳጂዳ ምክትል ርዕሰ መምህሩ እስክንድር ቢሮ ስትጠራ ዘይኑዲን ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል። ሰርክአዲስ መስኮቱ ጋ ቆማለች።

«እኔ የልጅ አባት ነኝ» ይላል ዘይኑዲን። «መስጂድ ውስጥ ፊተኛው ሰልፍ ላይ የምቆም ሰው ነኝ። ይህች ልጅ በከተማው ሁሉ አንጀት ብላ ጠራችኝ፤ ያውም ትልቁን።»

እስክንድር ሳጂዳን አፍጥጦ አያት። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለች፤ ውሸቱ ስላልመጣላት።

«ይቅርታ ጠይቂ። መምህርት፣ አንቺም ይሄ በየሱቁ መዞር ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።»

ሰርክአዲስ ፊቷ እንደወትሮው ምንም አይነበብበትም። «ይቅርታውን ትጠይቃለች» አለች። «ከዚያ በፊት ግን ለምን እርሳቸውን እንደመረጠች ታስረዳ። ማስረዳት ከቻለች ትምህርቱ ገብቷታል ማለት ነው፤ ካልቻለች ስድብ ነው፤ ያኔ እኔም አብሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሳጂዳ ገራባ የምትለዋን ቃል ከተናገረች ጉዷ እንደሚፈላ ገባት። ስለዚህ ከምዕራፉ ውስጥ ገራባ የሌለበትን ቦታ በችኮላ ትፈልግ ጀመር።

«ትልቁ አንጀት ማለት ኦቦ ዘይኑዲን…» አለች፣ «ውሃ የሚመልሰው እሱ ነው። ምግቡ ሁሉ አልፎ ሲመጣ ውስጡ የቀረውን ውሃ ይመጥጥና ለሰውነት ይመልሳል። እሱ ሥራውን ካልሠራ ሰውየው ተቅማጥ ይይዘዋል። ውሃው ሁሉ ከሰውነቱ ያልቃል። ይሞታል።»

«በተቅማጥ?» አለ ዘይኑዲን ቀስ ብሎ።

«አዎ። ጉበት ብቻውን አያድነውም።»

ይህቺኛዋ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረችም፤ ሳጂዳ ከራሷ የጨመረቻት ናት። ሰርክአዲስ ጣሪያውን አየች።

«ታዲያ ለምንድነው ጉበት ለረዲያ የተሰጠው?» አለ ዘይኑዲን።

«ሳሙና ስለሚሸጡ ነው። ጉበት ቅባት ይበትናል።»

«እኔም ከነገ ጀምሮ ሳሙና እሸጣለሁ።»

እስክንድር መሀረቡን አውጥቶ አፍንጫውን በረጅሙ ጠረገ፤ ከመሀረቡ በላይ ያሉት ዓይኖቹ ግን እየሳቁ ነበር። ሳጂዳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ዘይኑዲንም ተቀበለ። በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ገራባው ነው አይደል?» አላት።

ሳጂዳ መሬት መሬት አየች። መልሱም እሱ ነበር።

የፈተናው ጠዋት ሳጂዳ ምዕራፉን ለመጨረሻ ጊዜ ልትከልሰው በጫት ተራ በኩል መጣች። አፉ በቦታው አለ፤ ጨጓራው ይጮሃል፤ ጉበቷም እጇን አውለበለበችላት። ትልቁ አንጀት ግን ጠፍቷል። የዘይኑዲን በር ክምር ቀርቶ አንዲት ቅጠል የለበትም፤ ተጠርጎ፣ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ተርከፍክፎበት፣ ሰውየው ራሱ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በኩራት ቆሟል።

«አየሽ?» አላት።

«አየሁ» አለች ሳጂዳ፤ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም። ስታጠና የከረመችው ያንን ክምር ነው። ክምሩ ሲጠፋ በላዩ ያስቀመጠችው ሁሉ አብሮ የተጠረገ መሰላት። ውሃው መሬቱ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰርግ ለአፍታ ቆማ አየችውና ሮጠች።

ሰርክአዲስ ከእስክንድር ጋር ተሟግታ ለሳጂዳ ጥያቄው እንዲነበብላት አስፈቅዳ ነበር። በአሮጌው የወንበር ክፍል ተቀምጠው አንድ በአንድ አነበበችላት፤ ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አይል፣ ፍንጭ የሚባል ነገር የለውም። ሳጂዳ እያንዳንዱን ጥያቄ ስትሰማ ዓይኗን ትጨፍንና መንገዱን ትወርዳለች። ትልቁ አንጀት ጋ ስትደርስ የመጣላት የተጠረገ በር ነበር፤ መሬቱ ላይ የተረጨው ውሃም ወደ ውስጥ ሲሰርግ አየችው። የውሃውን ነገር ጻፈች። እጇ ፊደል እያዘበራረቀ ቢያስቸግራትም ጻፈች።

ውጤቱን ያመጣው ራሱ የባዮሎጂ መምህሩ አጥናፉ ነው፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ሰርክአዲስ ክፍል መጣ። ሳጂዳ አንደኛ አልወጣችም። አልፋለች፤ በባዮሎጂ ስታልፍ ደግሞ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይሄን ምን ላድርገው?» አለ አጥናፉ፣ አንድ መስመር ላይ ጣቱን አድርጎ። «ጉበት ምን ያመነጫል ለሚለው ሳሙና ብላ ጽፋለች።»

መክሊት መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳጂዳ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ለምን እንደሚያመነጨውስ ምን ብላለች?» አለች ሰርክአዲስ።

«ቅባት ለመበተን። እሱን ከክፍሉ ግማሹ እንኳ አልመለሰውም። ግማሽ ማርክ ሰጥቻታለሁ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ሰርክአዲስ ወንበር ስባ ከሳጂዳ ጎን ተቀመጠች። «መንገዱ ሱቁ በር ድረስ ያደርስሻል» አለች። «በሩ ላይ ስትደርሺ ግን የሱቁን ዕቃ ትተሽ የሰውነቱን ስም መጥራት አለብሽ። ያቺን አንዲት ነገር አላስተማርኩሽም፤ አሁን እንለማመዳታለን።»

ተለማመዷት። ሳጂዳ ካርቶኗን መስመሩ ላይ አድርጋ እየተንደፋደፈች አነበበች፤ እያንዳንዱን ስም በሱቁ አንድ ጊዜ፣ በራሱ ስም አንድ ጊዜ ጠራችው።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ ደም ዝውውር ነበር። ሳጂዳ መንገዱን ለሦስቱም ልታወጣ ስትነሳ ብሩ እምቢ አለ። «የአንቺን ከተማ እኔ አላየውም» አለ። «እኔ የመቻራውን ነው የማውቀው። ከአጎቴ ግቢ ቡና እስከሚሰበሰብበት ድረስ፣ መንገዱን በእግሬ አውቀዋለሁ።»

«ደምህ ማን ነው ታዲያ?»

«የአጎቴ አህያ። ቡና ጭና ትሄዳለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች፣ እንደገና ትጫናለች።»

ሳጂዳ አሰበችበት። እንከን ልታወጣለት ብትፈልግ አጣች፤ ይህ ደግሞ ትንሽ አናደዳት።

«አህያዋ ብትሞትስ?»

«ከፈተናው በፊት አትሞትም» አለ ብሩ፣ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ መቅዳት እየጀመረ። «ነግሬያታለሁ።»