አምስተኛው መብራት

ይህን የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት። ውሸት አታውቅም አልልም፤ «አያምም» እያለች መርፌ የምትወጋ ሰው ውሸት አታውቅም ማለት ይከብዳል። ይህን ስትነግረኝ ግን እጇን ታይ ነበር እንጂ ፊቴን አላየችም።

ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ቁስል ማጠብ፣ መርፌ መውጋት፣ ደም ግፊት መለካት ነው። በቀን አሥራ ሦስት፣ አሥራ አራት ቤት። እናቷ «ጥድፊያ» ይሏታል፤ ተረጋግታ ስትጎርስ አይተዋት ስለማያውቁ። ጉልበቷ እምቢ ሲላት ያገለገለ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ልትገዛ ወሰነች። አንድ ሰዓት ሠሪ ሞቶ ሚስቱ የእሱን እንደምትሸጥ ሰማችና ሄደች።

በሩን የከፈተችላት ሴት የእሷ እኩያ ትመስላለች፤ ቢበዛ ሠላሳ ስምንት። ፊቷ ላይ አንድ መስመር የለም። ብስክሌቱም እንደዚያው ነበር፤ ሰባት ዓመት ተነድቷል ቢሏት ማን ያምናል? ከፋብሪካ ትናንት የወጣ ይመስላል።

«ነገሩ ባትሪው ነው፣ ልጄ» አለች ሴትዮዋ እጇን ኮርቻው ላይ አሳርፋ። «ልጄ» መባሏ ነርሷን ትንሽ ገረማት። «ከመንገድ እንደገባሽ ትኩስ እያለ ቻርጀር ላይ አትሰኪው፤ ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ፀሐይ አታስመቺው። እስኪሞት አትንጂው፤ አንድ መብራት ሲቀረው ወደ ቤት። ስትሰኪው ደግሞ አራተኛው መብራት ሲበራ ንቀዪው።»

«አምስት መብራት አይደል እንዴ ያለው?»

«አምስተኛውን አታሳዪው። ሁልጊዜ ጢም ካለ ቶሎ ያረጃል። እሱ አይወድም ነበር።»

«እኔ ደግሞ ግማሽ ሆድ አልወድም» ብላ ነርሷ ሳቀች።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «እንግዲህ ነግሬሻለሁ» ብቻ አለች።

ብስክሌቱን ገዛች፤ ምክሩ ግን በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። በማግስቱ ለምሳ ስትገባ ባትሪውን በቁልፉ ከብስክሌቱ ፈትታ፣ ገና ትኩስ እያለ መስኮት ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። የቀትር ፀሐይ ያቃጥላል። ሰካችው፤ ቆማ ሁለት ሦስት ጊዜ ጎረሰችና የቅርብ በሽተኞቿን በእግሯ ልታይ ወጣች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመለስ ባትሪው ጠረጴዛው ሥር፣ ጥላው ውስጥ ነበር። አራት መብራት። ቻርጀሩ ተነቅሏል፤ ሽቦው እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ በነጭ ክር ታስሯል።

ቤት ውስጥ ያሉት እናቷ ብቻ ናቸው። አምና ዳሌያቸው ተሰብሮ ባለ አራት እግር ምርኩዝ ይዘው ነው የሚራመዱት፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል።

«እማዬ፣ ባትሪውን አንቺ ነሽ ያወረድሽው?»

«በየትኛው ወገቤ?» አሉ እናቷ። «ሰውዬው ነው እንጂ።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«አሁን የሄደው። አንቺ የላክሽው መካኒክ መስሎኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። እንዴት ዋልክ ስለው ግን አይመልስም።»

ነርሷ ኪሷን ዳበሰች። የበሩ ቁልፍ ያለው በእሷ ኪስ ብቻ ነው። የእናቴ ዓይን ነው፣ ጥላ አይቶ ሰው ይለዋል ብላ ራሷን አጽናናች። ክሩስ? ቤታቸው ውስጥ ነጭ ክር እንደሌለ ታውቃለች።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ትኩስ ባትሪ ሰክታ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ተነቅሎ ታገኘዋለች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ተሰክቶ የቻርጀሩ መብራት ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል። በሰባተኛው ቀን እናቷን ዓይናቸውን ልታስመረምር ይዛቸው ስትወጣ ባትሪውን ሰካች፤ መስኮቶቹን ዘጋች፤ በሩን ቆልፋ ከውጭ በኩል በሩንና መቃኑን በቁስል ፕላስተር አጣበቀች። ሲመለሱ ፕላስተሩ እንዳለ ነበር። ውስጥ አራት መብራት፣ የተጠቀለለ ሽቦ፣ ነጭ ክር። ሁልጊዜ ወደ መስኮቱ ይዞር የነበረው የእናቷ ወንበር ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጥላ ውስጥ ቆሟል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ ተለወጡ።

መብል ወዳድ ነበሩ፤ አሁን ሳህኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ማንኪያውን ያስቀምጣሉ። «በቃኝ።» ቀን ቀን ከጎረቤት ጋር በመስኮት ሲሳሳቁ መንገደኛ ይሰማቸው ነበር፤ አሁን ጎረቤት ሲጠራቸው እጃቸውን ብቻ ያነሳሉ።

«ምን ሆንሽ፣ እማዬ? ከማን ተጣላሽ?»

«ብዙ መሳቅ ያደክማል።»

«ማን አለ?»

«እሱ መች ይናገራል? ትከሻዬ ላይ እጁን ያሳርፋል። ያኔ ይገባኛል።»

ነርሷ መሣሪያዋን አውጥታ ደም ግፊታቸውን ለካች። ለዓመታት በመድኃኒት አልወርድ ያለው ደም ግፊት የኮረዳ ሆኗል። የልብ ምታቸውን ቆጠረች፤ እንደ ግድግዳ ሰዓት ዝግ ያለ፣ አንድም ሳያጎድል፣ አንድም ሳይጨምር። ነርስ ናትና ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን እጃቸውን ለቀቀችና ብስክሌቱ ላይ ወጥታ ወደ ሰዓት ሠሪው ቤት በረረች።

ሴትዮዋ በሩን ከፍታ ገና ፊቷን ስታይ «ካንቺ ጋር ነው ማለት ነው» አለች።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቄ ነው የሸጥኩልሽ፤ ኃጢአቴን አልሸሽግም። ከዕቃው ጋር ይሄዳል፣ በዕቃው ብቻ ይወሰናል ብዬ ነበር። ማንን ነው የያዘው?»

«እናቴን።»

ሴትዮዋ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ክፉ ሰው አልነበረም» አለች። «አንድ ቀን እጁን አላነሳብኝም። አንድ ቀን አላስራበኝም። ግን ጠግቤም አላውቅ። ሳቄ ከፍ ሲል ትከሻዬ ላይ እጁን ያሳርፋል፤ ሳለቅስም እንዲሁ። ሠርግ ብንጠራ ጭፈራው ሳይሞቅ ወደ ቤት። እንድትቆዪልኝ ነው ይለኛል። ስንት ዓመት የሚሆነኝ ይመስልሻል?»

«ከእኔ ብትበልጪ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው።»

«ስልሳ ሦስቴን ይዣለሁ።»

ነርሷ እስካሁን «አንቺ» ማለቷ ትዝ አላት። «ይቅርታ… እትዬ» አለች። «እና ምን ላድርግ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?»

«ጢም አድርጊው። አምስተኛው መብራት ይብራ። እሱ አንድ ነገር ሞልቶ ሲያይ መቆም አይችልም። እኔ ሞክሬ ነበር፤ እጄ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ይታዘዛል።» ከዚያ ያንን ልስልስ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይዋ ክፍሉን ሞልታዋለች። እናቷ ጥላው ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀምጠዋል። ባትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሰካች፣ ተንበርክካ ባትሪው ላይ የተሰካውን ሶኬት በሁለት እጇ ያዘች። አንድ መብራት፣ ሁለት። ጉልበቷ ደነዘዘ። ሦስት። ውጭ አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል፤ ዷ፣ ዷ ይላል። አፏ ላይ ያለውን የሥራ ጭንብል ሳታወልቅ ረስታው ትንፋሿ ፊቷ ላይ ይመለሳል።

አራተኛው በራ።

ሶኬቱ በእጇ ውስጥ ተንቀሳቀሰ። ጉተታ አልነበረም፤ ከተኛ ሕፃን እጅ መቀስ እንደሚወሰድ ዓይነት ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳይነቃ ብሎ። ተጫነችው። ያኔ አንድ ደረቅ፣ ቀጭን ነገር ትንሽ ጣቷን ከሥሩ ገብቶ አነሳው። ቀጥሎ ያለውንም። ቁጣ የለበትም፣ ችኮላ የለበትም፤ የሰዓት ሆድ ከፍቶ ብሎን የሚያወጣ እጅ ነው። አንዱን ጣቷን ስትመልስ ሌላውን ያነሳዋል።

«ተዪው፣ ልጄ» አሉ እናቷ ከወንበራቸው። «ለእኛ ብሎ ነው።»

ነርሷን ከጣቶቹ ይልቅ ይህ አስፈራት። ድምፁ የእናቷ ነበር፤ ግን ለብ ያለ ውኃ ይመስላል።

«እማዬ፣ ነዪና ያዢልኝ!»

«ይደክመኛል።»

«ይድከምሽ! በቀደም ስትስቂ ሰባት ቤት ይሰማ አልነበር? በእኔ ሞት፣ ተነሺ! ብቻዬን አልቻልኩም!»

የምርኩዙ እግር ሲሚንቶውን መታ። አንዴ፣ ሌላ ጊዜ። እናቷ እያቃሰቱ ከጥላው ወጡ፤ ፀሐዩ ሲያገኛቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምርኩዙን ለቀው ጠረጴዛውን ተደገፉ፣ ወፍራም እጃቸውን በልጃቸው እጅ ላይ ጫኑ።

«ይኸው ያዝኩ» አሉ። «ጌታው፣ አመሰግናለሁ፤ ብቻ ልጄ ጠርታኛለች።»

ጣቶቹ ቆሙ። እናትና ልጅ ምን ያህል እንደዚያ እንደቆዩ አያውቁም። አምስተኛው መብራት ሲበራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትንፋሽ ወጣ፤ የተናደደ ሰው ትንፋሽ አልነበረም፣ የሠራው ዕቃ ከእጁ ወድቆ ሲሰበር ያየ ሰው ትንፋሽ እንጂ። ከዚያ እናቷ «ርቦኛል» አሉ።

ሰውዬው ከዚያ በኋላ አልመጣም። ባትሪው እየተሞላ፣ ፀሐይ እየመታው በአሥራ አራት ወሩ ደከመ፤ አምስት መብራት አሳይቶ ሦስተኛው በሽተኛ ቤት ሳትደርስ ይሞትባት ጀመር። አዲስ ገዛች። አዲሱን ታሳርፈዋለች፣ ጥላ ውስጥ ታኖረዋለች፣ አራት ላይ ትነቅለዋለች። ለባትሪ ደንቡ እውነት ነው ትላለች።

እናቷ ደም ግፊታቸው በሳምንቱ ተመልሶ ወጣ። በሉ፣ ከጎረቤት ጋር እስኪያስላቸው ሳቁ፣ በመድኃኒታቸው ምክንያት ከልጃቸው ጋር በየቀኑ ተጨቃጨቁ። አንድ ዓመት ከሰባት ወር ኖረው በአንድ እሑድ ከምሳ በኋላ ሞቱ።

ታሪኩን ስትጨርስ ዝም ብዬ መቅረት ነበረብኝ። ግን ጠየቅኋት። «ያን ቀን እጅሽን ለቀሽ ቢሆን ኖሮ፣ እስካሁን ይኖሩ ነበር ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«ይኖሩ ነበር» አለችኝ። ቦርሳዋን አንጠለጠለችና ቀጣዩ ቤት ረፈደብኝ ብላ ወጣች።