ወረቀት የሌለበት በር

የግቢያችንን በር የማላውቃቸው ሰዎች በየአገሩ ስልካቸው ላይ ሲገጣጥሙት እንደሚውሉ ስሰማ ኩራት አልተሰማኝም ብል ውሸት ነው። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር ቢኖር አፌን መዝጋት ነው፤ እሱንም ወዲያው ረሳሁት። ብርሃን መቼ ለሰማያዊ ቀለም እንደሚያደላ፣ መቼ እንደሚያኮርፈው ያወቅሁት የተሰነጠቀ ስልኬን ይዤ ከአጎቴ ግቢ ፊት ለፊት ጭቃ ላይ ተንበርክኬ ነው።

ዋና ከተማችን ሶፊያ ውስጥ የስዕል መገጣጠሚያ ጨዋታ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ስዕሉ ተቆራርጦ፣ ተበታትኖ ስልክህ ላይ ይመጣል፤ በጣትህ እየጎተትህ ቁራጩን ከቁራጭ ታጋጥማለህ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ጨዋታ በየቀኑ አዲስ ስዕል ያስፈልጋል። ድመት፣ ገዳም፣ ጀልባ፣ ኬክ፣ ተራራ፣ ደግሞ ሌላ ድመት። ስዕል ሲያልቅባቸው እንደኔ ካለው ሰው ይገዛሉ። እኔም የዳኑብ ወንዝን ጭጋግ፣ በረንዳ ላይ የተሰቀለ ቀይ ቃሪያ፣ ከዚያም ሰማያዊውን በር ላክሁላቸው።

በሩ ላይ የአክስቴ የጊና የሐዘን ወረቀት ነበረበት። ፎቶዋ ከላይ፣ ስሟ ከሥር፣ ዙሪያውን ጥቁር መስመር። በእኛ መንደር ሟች ከበሩ አይጠፋም። ሲቀበር ይለጠፋል፣ ለአርባው ይለጠፋል፣ ለሙት ዓመቱ ይለጠፋል፣ ዝናብ ካጠበው ደግሞ እንደገና ይለጠፋል። በሩ ባዶ ከሆነ ውስጥ ያሉት ሁሉ በሕይወት አሉ ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ማንም ፊደል አልቆጠረም።

አጎቴ ስታሜን ከዚያ ወረቀት ጋር ከማንም የበለጠ ጉዳይ ነበረው። እናትና አባቴ እንጆሪ ሊለቅሙ ስፔን ሲሄዱ ያሳደጉኝ እሱና ሚስቱ ጊና ናቸው፤ ጊና ስትሞት ደግሞ እኔና እሱ ቀረን። ካለፈው ክረምት ጀምሮ አእምሮው እንደ አሮጌ ጣሪያ እዚህም እዚያም ማፍሰስ ጀመረ። ምሳ መብላቱን ይረሳል። የኔን ስም ረስቶ በእናቴ ስም ይጠራኛል። ከሁሉ የከፋው ግን የጊናን መሞት መርሳቱ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ያያት ሎም ከተማ ወዳለው ሆስፒታል የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ስትሳፈር ነውና፣ ኮቱን ደርቦ ሊቀበላት ይወጣል። አውቶቡሱ የሚቆመው ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። በዚያ መንገድ ደግሞ ወደ ቪዲን ድልድይ የሚከንፉት የጭነት መኪናዎች ለሽማግሌ ቀርቶ ለእግዜርም ፍሬን አይዙም።

ከዚያ መንገድ ያተረፈችው ያቺ ወረቀት ናት። በሩ ጋ ሲደርስ ያያታል። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ተመልሶ ይገባል። በየቀኑ አዲስ መርዶ ነው። ጨካኝ ነሽ ትሉኝ ይሆናል። ከመርዶ የሚሻል ነገር ቢኖረኝ እሱን እለጥፍ ነበር።

ጨዋታውን ስልኩ ላይ የጫንኩለትም እኔ ነኝ፤ ሐኪሙ አእምሮው ሥራ አይፍታ ብሎ ነበርና። ዕድሜውን ሙሉ የጣሪያ ሸክላ ሲደረድር የኖረ ሰው ስለሆነ እጁ ወዲያው ለመደው። ስሜን የረሳው ሰው የሰማይ ቁራጭ ከሰማይ ቁራጭ ይለያል። በድመቶቹ ብዛት ያማርር ነበር፤ እነዚህ ሰዎች አይጥ በዝቶባቸዋል እንዴ እያለ።

በራችን ጨዋታው ላይ የወጣ ዕለት ስልኩን ይዞ ወደ ጓሮ መጣ። እኔ ቲማቲም ለክረምት በጠርሙስ እያሸግሁ ነበር። አሳየኝ፤ እውነትም በራችን ነው፣ ተገጣጥሞ አልቋል፣ ያምራል። ወረቀቱ ግን የለም። በቦታው ሰማያዊ እንጨት አለ። ሶፊያ ያሉት ልጆች ጠርገውታል፤ የእንጨቱን ስንጥቅ ሳይቀር አስመስለው ስለውበታል። እንደ ሥራ ካየነው እንከን የለውም።

አጎቴ ወደ በሩ ሄደ። ተከተልኩት። ስልኩን ከበሩ ጎን ይዞ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን አየ። ከዚያ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ የወረቀቱን ጥግ መፋቅ ጀመረ።

«አጎቴ፣ ምን እያረክ ነው?»

«የአንዱ ዋልጌ ሥራ ነው» አለኝ ሳይዞር። «ሚስቴን በቁሟ ገደላት።»

«ጊና ሞታለች እኮ። አብረን ቀብረናታል።»

«እዪው» ብሎ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር አመጣው። «በገዛ እጄ ነው የገጣጠምኩት። አንዲት ቁራጭ ብትጎድል እሺ ባልኩሽ። ሞቱ የቱ ጋ ነው? አሳዪኛ።»

ምላሴ ስለት ነው ይሉኛል በመንደሩ። ያን ቀን ግን ምላሴን ትቼ እጁን ያዝኩ፤ አስለቀቀኝ።

ወረቀቱን ቀድዶ ኪሱ ከተተው፤ ኮቱን ደረበና ወጣ። ከመንገዱ ጠርዝ ክንዱን ይዤ መለስኩት። በማግስቱ ሌላ ወረቀት ለጠፍኩ፤ እሱም ቀደደው። በጠንካራ ሙጫ ለጠፍኩ፤ በቢላ ፋቀው፣ ቀለሙም አብሮ ተላጠ። የምሳውን፣ የመድኃኒቱን፣ የኔን ነገር ሁሉ የሚረሳ ሰው የበሩን ባዶነት ብቻ አልረሳም። ጎረቤታችን እትዬ ቶትካ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሲያዩን ሰነበቱና፣ ስልክ ያድነዋል ብለሽ አልነበር ወይ አሉኝ። እሳቸው ዶሮ ይግዛ ብለው መክረውኝ እንደነበር፣ ዶሮ ቢያንስ እንደማይዋሽ ነገሩኝ። መልስ ሰጠኋቸው፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ግን ልክ ነበሩ።

ሶፊያ ደወልኩ። ስዕሎቹን የሚመርጠው ልጅ ቦያን ይባላል። ልሰድበው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ረጋ ያለ ሰው ሆኖ ስድቡን አበላሸብኝ። ጽሑፍና የሟች ፊት ከስዕል ላይ መጥረግ ደንባቸው መሆኑን አስረዳኝ፤ ሰው ጨዋታውን የሚከፍተው ሐዘኑን ሊረሳ ነው አለ። እኔም፣ የኔ ሰውዬ ረስቶታል፣ በጣም ተሳክቶላችኋል አልኩት። እሱም ስዕሉን ከጨዋታው እንደሚያወጡት፣ ስልክ ላይ የወረደውን ግን ከሶፊያ ሆኖ ሊነካው እንደማይችል ነገረኝ።

ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሲያሸልብ ስልኩን ከደረቱ ላይ አንስቼ እኔው ሰረዝኩት። ሲነቃ ፈለገ። በጀልባውና በድመቱ መሃል፣ በገዳሙና በኬኩ መሃል ወደ ላይ ወደ ታች እየጎተተ ፈለገ። ልጅ ገበያ ላይ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። በመጨረሻ ቀና ብሎ አየኝ።

«በራችንን ወሰዱት» አለኝ። «እሷ እንግዲህ በየት ትገባለች?»

እንደገና ኮቱን አነሳ። እንደገና ክንዱን ይዤ መለስኩት። ጉልበቱ ገና አለ፤ አንድ ቀን ክንዱን የማልይዝበት ቀን እንደሚመጣ፣ ገላዬን ስታጠብ ወይም ዳቦ ልገዛ ስወጣ እንደሚሆን ዐወቅሁ። በሩን በቁልፍ ዘጋሁበት፤ በአጥሩ ሊወጣ ሲል ሱሪው ተቀደደ። ከተማ ያለው የአረጋውያን ቤት ቦታ ሲገኝ እንጠራሻለን አለኝ። እንደ ፍየል አስሬ ላቆየው አልችል ነገር።

ያኔ ነው ያ ሐሳብ የመጣልኝ። ጨዋታው የራስህን ፎቶ ብትሰጠው ይቆራርጥልሃል። እኔ ዘንድ ደግሞ ማንም ያልጠረገው የመጀመሪያው ፎቶ አለ፤ በሩ ከነወረቀቱ። አጎቴ እኔን አያምንም፣ ግድግዳ አያምንም፣ እጁን ግን ያምናል። ሞቷን በገዛ እጁ ይገጣጥመዋል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለሚወዱት ሰው የሚያዘጋጅ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም። እኔ አዘጋጀሁት።

በራችን ተመልሷል ብዬ ሰጠሁት። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ተቀመጠ፤ እኔም የተጠበሰ ቃሪያ የምልጥ መስዬ አጠገቡ ሆንኩ። መጀመሪያ ማጠፊያዎቹን አገኘ። ከዚያ ሰማያዊውን ሳንቃ፣ ከዚያ የአጥሩን ድንጋይ። ጥቁሩ መስመር ያለባቸውን ቁርጥራጮች ዳር ላይ ሲያከማች አየሁ። አንዱን አንስቶ አገላበጠ፤ የአገጯ ጫፍ ነበር። አስቀመጠው። ዓይኗ መጣ። ፀጉሯ መጣ። ስሟን ፊደል በፊደል አስተካክሎ ደረደረው።

የመጨረሻዋን ቁራጭ ገጠመ። ቆቡን እስኪያወልቅ ጠበቅሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያለቅስ ጠበቅሁ፤ ካለቀሰ ይቀመጣል።

ፊቱ በራ።

«መጣች» አለኝ በሹክሹክታ። «አየሽ? በሩ ላይ ቆማለች።»

«አጎቴ፣ ወረቀት ነው እኮ። ጽሑፉን አንብበው። እስቲ አንብብልኝ።»

«ጊና ስታሜኖቫ» ብሎ አነበበ፤ ከስሟ ሥር ያለውን የሞተችበትን ቀን ተወው። «ራሷ ናት። ምን አፍጠሽ ታይኛለሽ? ብርድ ላይ ቆማ፣ ሂጂ ክፈቺላት እንጂ።»

አጎቴ በወንበሩ ላይ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ በሩን ማየት እንዲችል መጋረጃውን ሰብስቦ ይጠብቀኛል። ካልሄድኩ ራሱ ይሄዳል፤ ራሱ ከሄደ ደግሞ በሩ ላይ አይቆምም።

ቢላውን አስቀምጬ ወጣሁ። ግቢው ቀዝቅዟል። በሩ ላይ ቀለሙ የተላጠው ቦታ ብቻ አለ። ከማዶ፣ ከዋናው መንገድ የመኪና ድምፅ ይሰማል። መወርወሪያውን ሳብኩና በሩን ከፈትኩት። አጎቴ በመስኮቱ ስለሚያየኝ ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩ፤ አንድ ሰው ሳይነካኝ የሚያልፍበት ያህል።

ከኋላዬ ከቤት ውስጥ የሳህን ድምፅ መጣ። ገበታ እያቀረበ ነው። እጄ መወርወሪያው ላይ እንዳለ ቆምኩ፤ በሩን መቼ መዝጋት እንዳለብኝ አላወቅሁም።