የተሸፈነ ሁሉ ይሸጣል

ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጨረታ በተደረገ ቁጥር ሰው ዕቃውን እየነካካ፣ እያገላበጠ፣ ሳይገዛ እያጣጣለ ስላስቸገረን፣ «ለጨረታ የመጣ ሁሉ በነጭ ጨርቅ ይሸፈን፤ ተራው ሲደርስ አጫራቹ ይግለጠው» አልኩ። ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። ሰው በገዛ እጁ ጉድጓድ ሲቆፍርም አጨብጫቢ አያጣም።

የዚያን እሁድ ጨረታ የተጠራው ለውሃ ነበር። ንጹሕ ውሃ በማይገኝበት ቦታ ጉድጓድ የሚያስቆፍር የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ በየዓመቱ እንረዳዋለን። ዘንድሮ ከበረታን የአንድ ሙሉ ጉድጓድ ወጪ ከነፓምፑ ከእኛ ይወጣል ተብሎ ሰው ሁሉ ሞቅ ብሎታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የመሸፈኛ ጨርቆቹ ጠርዝ ስላልተዘመዘመ የእጅ ስፌት መኪናዬን ተሸክሜ ሄጄ እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሰፋሁ። መኪናዋን ያወረሰችኝ አክስቴ ናት። ሁለት ልጆች ያስተማርኩት በእሷ ነው፤ የቤት ኪራይ የምከፍለውም በእሷ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ሥራዬን ስጨርስ እጄን ልታጠብ ተነሣሁ። አቧራ ጠላቴ ነውና ከመውጣቴ በፊት መኪናዋን የተረፈችውን ነጭ ጨርቅ አለበስኳት።

መታጠቢያው ጋ ወረፋ ነበር፤ ወረፋ ባለበት ደግሞ ወሬ አይጠፋም። ስመለስ ጨረታው ተጀምሯል። አጫራቻችን ፀጉር አስተካካዩ ነው። «ሞተር» እንለዋለን፤ አንዴ ከተነሣ የሚያጠፋው የለም። ጨርቁን ቀስ ብሎ ገለጠና ጮኸ።

«የስፌት መኪና! ዘይት የጠገበች! ስንት አላችሁ?»

ባለቤቴን በክርኔ ጎሸምኩት። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መሪ ካልያዘ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይወስደዋል።

«አንተ፣ መኪናዬን እየሸጣት ነው!»

«ታዲያ አስቁሚው እንጂ!»

ላስቆመው አፌን ስከፍት ዳቦ ጋጋሪው አሸነፈ። አሸንፎም እንደ ደንባችን «ለውሃው መልሻለሁ» አለ። እኛ ጋ አሸናፊው ይከፍልና ዕቃውን ይመልሳል፤ እንደገና ይሸጣል። በመጨረሻ ለሰጪው ይመለሳል። አምና አንድ ጃንጥላ ዘጠኝ ጊዜ ተሸጦ ወደ ባለቤቱ ቤት ገብቷል። ይህን ሳስብ ቁጭ አልኩ። ጉድጓዱም ይቆፈራል፣ እኔም መኪናዬን ይዤ እገባለሁ፤ ሰውም ሳይታዘበኝ ነገሩ በሰላም ያልቃል ብዬ ተጽናናሁ።

ጡረታ የወጡት አስተማሪ ገዝተው መለሱ። የጥርስ ሐኪሟ ገዝታ መለሰች። ገንዘብ ያዣችን «ትንሽ ነው የቀረን!» ስትል ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት እጇን አነሣች። ሆስፒታል በጽዳት የምትሠራ ናት፤ ወደ እኛ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው።

«የአንድ ወር ደሞዜን» አለች።

የሚበልጣት ጠፋ። ጉድጓዱ ሞላ ተባለ፣ እልልታው ቀለጠ። ሁላችንም «መልሻለሁ» የምትለዋን ቃል ስንጠብቅ ሴትዮዋ ወደ ፊት መጥታ መኪናዋን አንሥታ ደረቷ ላይ አቀፈቻት። ሞተር እንኳ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ደንባችን እኮ... ዕቃው ይመለሳል።»

ፊቷ ተለዋወጠ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ መግዛት መስሎኝ ነው» አለች። «እኔ ያደግኩት ውሃ በሌለበት ነው። ጎሕ ሲቀድ ወጥተን ቀትር ላይ ነበር የምንመለሰው። ትምህርትም ሙያም ሳልይዝ ጀሪካን ስሸከም አደግኩ። አሁን ቧንቧ ስከፍት ውሃው ይመጣል፤ ቀኑም ይተርፈኛል። በተረፈኝ ጊዜ ሙያ ልማር ብዬ ነበር።»

ይህን ብላ መኪናዋን ልታስቀምጥ ጎንበስ አለች።

ካስቀመጠቻት የእኔ ናት። ዝም ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር።

«አታስቀምጪያት!» አልኩ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። «ገዝተሻታል፤ ያንቺ ናት።»

«ሰጪዋ ማን ናት?» አለ ሞተር።

«እኔ ነኝ።»

ባለቤቴ ያን ጊዜ ነው በደንብ የነቃው። በደስታ ነው ያልኩት ብል እዋሻለሁ። እቤት ገብቼም አለቀስኩ። ባለቤቴ «በቃ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ሊለኝ ሞከረ። «ስለ ውሃ ዛሬ እንዳትነግረኝ!» ብዬ አፉን አስያዝኩት።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ በር ተንኳኳ። መኪናዬን በፎጣ ጠቅልላ የተሸከመችው ያች ሴት ናት። ገና ከሥራ መውጣቷ ነው፤ እጇ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ከመኪናዋ ሥር ካለችው ትንሽ ሳጥን የማንበቢያ መነጽሬን አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«እትዬ፣ መነጽሩን ውስጧ ትቶ መኪና የሚሰጥ ሰው የለም። አልሰጠሻትም ነበር አይደል? እንኪ፣ ልመልስልሽ ነው የመጣሁት። ገንዘቡ ግን ለውሃው ይሁን፤ አልፈልገውም።»

አንድ ወር ሙሉ የሌላ ሰው ወለል የጠረገችበትን ገንዘብ ሰጥታ፣ መኪናዋንም ተሸክማ ልትመልስልኝ መጥታለች። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በሆዴ ስረግማት አድሬያለሁ። አፈርኩ። ከዕፍረቴ በላይ ግን ደስ አለኝ።

«እውነትሽን ነው፤ ትናንት አልሰጠሁም ነበር» አልኳት። «ዛሬ ግን ሰጥቻለሁ። ግቢ።»

«አንቺስ በምን ትሰፊያለሽ?»

«አንቺ ቀን ሥራ ላይ አይደለሽ? ቀን ታውሺኛለሽ፤ ማታ አስተምርሻለሁ።»

መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። ወንበር ሳብኩላትና መነጽሬን አድርጌ ከጎኗ ተቀመጥኩ። በመጀመሪያው ሙከራ ክሩን መርፌው ዓይን ውስጥ አስገባችው።