የእማማ ደብሪቱ የቁም ተዝካር

እማማ ደብሪቱ የነፍስ አባታቸውን መምሬ አካለ ወልድን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ አስቁመው ስለ ካህናቱ ቁጥር ይሟገታሉ። ለእሑዱ ድግስ ሃያ ካህን ያንሳል ባይ ናቸው። ልጃቸው የሺዋስ ያስጠመቀው ጠላ ከጉንደ ወይን እስከ መርጡለ ማርያም ያለውን ሰው አጠጥቶ የተረፈው ወፍጮ ያዞራል። ለዕርድ የቆመው ወይፈን አንዴ ሲያገሳ የጮቄ ተራራ አቤት ይላል። ይህ ሁሉ ለእሳቸው ነው፤ ሳይሞቱ፣ በዓይናቸው እያዩት የሚወጣላቸው የቁም ተዝካር። ይህን ወሬ ከእሳቸው አፍ ያልሰማ ሰው ቢኖር ገና ያልተወለደ ብቻ ነው።

መምሬ ሰምተው ሲጨርሱ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ።

"ደብሪቱ፣ ስለዚህ ተዝካር የሰማሁት ካንቺ ብቻ ነው። እኔን የጠራኝ የለም። ሌላም ካህን አልተጠራም።"

እማማ ደብሪቱ እንዴት ቤታቸው እንደደረሱ አያውቁም። ሳምንቱን ሙሉ በኩራት ያዩትን ሁሉ መንገድ ላይ እንደገና አዩት። የሺዋስ ከጉንደ ወይን ጀነሬተርና ሁለት ሞንታርቦ ተከራይቷል። እሳቸው ጸሎቱ ሰማይ ድረስ እንዲሰማላቸው መስሏቸው መርቀውት ነበር። በየትኛው አገር ነው ተዝካር በሞንታርቦ የሚወጣው?

ጓዳ ሲገቡ የአሥራ ሦስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው የኔአለም መደብ ላይ ተቀምጣለች። እጅና እግሯ እንደ ሙሽራ እንሶስላ ተቀብቶ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

"ይህን ማን አደረገሽ?"

"አባባ ነው ያስደረገኝ። ለእማማ ተዝካር ነው ብሎኝ።" ደስ ብሏታል። "ጫማም ገዝቶልኛል፤ ባለ ታኮ።"

ልጅቱ ስለ እሑድ የምታውቀው ይህንኑ ብቻ ነበር። የእማማ ደብሪቱ ደም ከእግር ጥፍራቸው ተነሥቶ አናታቸው ላይ ወጣ።

የሺዋስን ውጭ አገኙት፤ ለዳሱ ምሰሶ ያስተክላል። አልካደም። ሙሽራው የቁይ ሰው ልጅ ነው፣ አራት ጥማድ በሬ ካለበት ቤት። ልጅቱ ስምንተኛን ጨርሳ ከተማ ቤት ተከራይታ ከምትበላሽ፣ በጊዜ ትዳር መያዟ ይሻላታል። ሠርግ ቢባል ቀበሌው ይደርስበታል፤ ተዝካር ቢባል ግን ቀበሌው ራሱ ሊበላ ይመጣል።

"ያንቺንም እናወጣለን እማ። ጠዋት ያንቺ፣ ከሰዓት የሷ። ዳሱ እንደሆን አንድ ነው።"

"የእኔን ነፍስ መጋረጃ አደረግሃት፣ የሺዋስ።"

"አንቺስ ከሷ አንሰሽ አይደል የተዳርሽው? ምን ሆንሽ?"

ይህን ጥያቄ ያውቁታል። አምና ራሳቸው ጠይቀውታል። የጉንደ ወይኑ ባለሱቅ ልጅ ነፊሳ ከወረዳው የሴቶች ጉዳይ እየመጣች፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ የቀበሌውን ሴቶችና ልጃገረዶች ሰብስባ መብታቸውን ታስተምራለች። አንድ ማክሰኞ፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ያለችን ልጅ ያገባ ብቻ ሳይሆን የዳረም በሕግ ይጠየቃል ስትል፣ እማማ ደብሪቱ ከኋላ ብድግ ብለው፣ እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ ተድሬ ምን ሆንሁ ብለው ሴቱን ሁሉ አሳቁት። ነፊሳ ግን አልሳቀችም። "እስቲ ይንገሩን እማማ፣ ምን ሆኑ?" አለቻቸው። የእማማ ደብሪቱን አፍ የሚዘጋ ሰው በመላው ጎጃም አልተፈጠረም ነበር፤ ያን ቀን ተፈጠረ። ከዚያ የሆኑትን ተናገሩ። በአሥራ አራት ዓመታቸው አራት ቀን አምጠው የሞተ ልጅ ተገላገሉ። ከዚያ ወዲያ ሰው አዝኖ ሐኪም ቤት እስኪያደርሳቸው ድረስ ሁለት ዓመት ሽንታቸውን መቋጠር አቅቷቸው ከበረት ከከብት ጋር አደሩ።

አሁን ያንኑ ለልጃቸው ነገሩት፤ ምሰሶ በሚተክሉት ሰዎች ፊት፣ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ። የሺዋስ መሬት መሬቱን እያየ ሰማ። ሲጨርሱ፣ "ሰው ተጠርቷል እማ። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ?" አለ።

ሰው ተጠርቷል። እናቱ ከበረት አድራለች፣ እሱን የሚጨንቀው ጠላው እንዳይሻግት ነው።

እማማ ደብሪቱ ትተውት ሄዱ። ጓዳ ገብተው የልጅቱን እጅና እግር ፈትተው አጠቡ፤ ቀለሙ ግን ይዞ ነበር። የተማሪ ቤት የደንብ ልብሷን አስለብሰው፣ ክንዷን ይዘው በየሺዋስ አጠገብ አለፉ። እናቱን መንካት አልደፈረም። መንገድ ላይ የኔአለም ወዴት እንደሚሄዱ ሁለቴ ጠየቀቻቸው፤ በሁለተኛው ሁሉንም ነገሯት። ከዚያ ወዲያ እስከ ጉንደ ወይን ድረስ አያቷን እየጎተተች ያስሮጠቻቸው እሷ ናት።

ከሴቶች ጉዳይ ቢሮ ያገኟት ነፊሳ ሰምታ ሳትጨርስ ፖሊስ ዘንድ ደወለች። ቀጥሎ ልጅቱን ራሷን ጠየቀቻት። "አላገባም" አለች የኔአለም። "ፈተና አለብኝ።" ነፊሳ ልጅቱ እንዳለችው ቅጹ ላይ ጻፈችው። የጠቋሚ ስም የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አነሣች።

"ይህን ባዶ ልተወው እችላለሁ፣ እማማ። የሚኖሩት እሱ ቤት ነው። ያለዎት ልጅም እሱ ብቻ ነው።"

እውነቷን ነው። እማማ ደብሪቱ የሞቱ ቀን የሚቀብራቸው፣ እውነተኛውን ተዝካር የሚያወጣላቸው ከየሺዋስ በቀር ማንም የለም። ዛሬ እዚህ ወረቀት ላይ ከገቡ፣ እንኳን ወይፈን አንዲት ዶሮም ላይታረድላቸው ነው። አጠገባቸው የኔአለም ቀለሙ እንዳይታይባት እጆቿን ጭኗ ሥር ደብቃለች።

"ደብሪቱ ብለሽ ጻፊ" አሉ። "ቀጥለሽም እናቱ ናት በይ።"