ጸጉር ቤት ወለል ላይ የተኛችው ፕሮፌሰር

አባቷ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ልጃቸውን «አንጎሌ» እያሉ ይጠሯታል። አልተሳሳቱም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ባለው ላቦራቶሪዋ የታካሚዎች ጭንቅላት ላይ ቀጫጭን ሽቦዎች ትለጥፍና፣ ስክሪኑ ላይ የሚሮጠውን የአንጎላቸውን ሞገድ ስታነብ ትውላለች። የምታጠናው የሚጥል በሽታን ነው።

የሚያንገበግባት አንድ ነገር ነበር። መድኃኒት እያለ ሰዎች ወደ እሷ የሚመጡት ዓመታት ጓዳ ተደብቀው ከርመው ነው። አንዳንዶቹማ ሲወድቁ «እንርዳ» ያለ ሰው በማንኪያ ጥርሳቸውን ሰብሮባቸዋል። ስለዚህ ለሕዝብ ንግግር ልታደርግ ተነሳች።

አዳራሹ ውስጥ ከተማሪዎቿ ሌላ የተገኙት አባቷና ታላቅ እህቷ ብቻ ነበሩ። አባቷ ገና ከጅምሩ አንኮራፉ። እህቷ ጸጉር ሰሪ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል።

«እትዬ፣ እንዴት ነበር?» አለቻት ሲወጡ።

«ቀሚስሽ አምሮብሻል።»

«ንግግሩን ነው የምልሽ!»

«እሱማ በጆሮዬ ገብቶ በጆሮዬ ወጣ። እንደው ሰው ፊቴ ዘፍ ቢል ምን ላድርግ? እሱን እኮ አልነገርሽንም።»

አንጎሌ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ስለ ሞገዱ አንድ ሳታስቀር ተናግራ ዋናውን ረስታዋለች።

«ቅዳሜ ሱቄ ነይ» አለቻት እህቷ። «ካስክ ስር የተቀመጠች ሴት ጸጉሯ ሳይደርቅ የትም አትሄድብሽም።»

ቅዳሜ ሄደች። ለካ ካስክ ስር ያለ ሰው አይሰማም! አንጎሌ ስትጮህ ሴቶቹ «ምን?» ይላሉ፤ ደግማ ስትጮህ «ምን አለች?» ይባባላሉ። ሲመራት የተቆረጠ ጸጉር የተበተነበት ወለል ላይ ዘፍ አለችና ትንቀጠቀጥ ጀመር። ካስኩ ሁሉ ባንዴ ጠፋ።

«አይዟችሁ፣ ደህና ነኝ!» አለች ከወለሉ። «አሁን ምን ታደርጉኛላችሁ?»

«ማንኪያ አምጡ!» አለች አንዷ።

«ማንኪያውን ለሾርባሽ! አፌ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ጨምድዳችሁም አትያዙኝ። በጎኔ አዙሩኝ፣ ጭንቅላቴ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ ሰዓት እዩ። አምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም!»

ሴቶቹ እየተሳሳቁ ተራ በተራ አገላበጧት። ስትነሳ ልብሷ ላይ የተለጠፈው ጸጉር ዊግ ይወጣዋል።

ሁሉም ሲሄዱ አንዲት ልብስ ሰፊ ወደ ኋላ ቀረት አለች። «ጎረቤት እንዳያየው ከቤት የማላስወጣው ልጅ አለኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጎረምሳ ሆኗል። ተስፋ አለው?»

«አለው እንጂ! ሰኞ ይዘሽው ነይ።»

ልጁ መጣ። ተመረመረ፤ መድኃኒት ጀመረ። የመጀመሪያው መጠን አልበቃው ሲል ተስተካከለለት። መውደቁ እየራቀ፣ እሱ ወደ ሰው እየቀረበ ሄደ። ስልክ ጥገና ተምሮ ሱቅ ሲከፍት ያ ዓይናፋር ልጅ ወሬኛ ወጣው።

የፋኩልቲው ዲን በበኩላቸው «ፕሮፌሰር ጸጉር ቤት ይንከባለላል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። «መጥተው ይዩኝ» አለቻቸው። መጡ፤ «እስቲ እኔም ልውደቅ» ብለው ሲወድቁ ሱሪያቸው ተተረተረ። ልብስ ሰፊዋ እዚያው ጠቀመችላቸው፤ እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ተማሪዎቹን እየመሩ በየመናኸሪያው መውደቅ ሆነ ሥራቸው። አንጎሌና እህቷ ደግሞ ራዲዮ ላይ ሳምንታዊ ፕሮግራም ተሰጣቸው።

ስልክ ጠጋኙ ሲያገባ ሁሉም ተጠሩ። ሙሽራው ከደስታው ብዛት እንቅልፍ ባይኑ ሳይዞር ነበር ያነጋው፤ እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ለዚህ በሽታ ጠላት ነው። ኬኩን ሊቆርጥ ቢላዋ ሲያነሳ ወደቀ።

አንጎሌ ከጥግ ተነስታ እየተጋፋች ሮጠች። አንድ አስተናጋጅ ክንዱን ዘርግቶ አገዳት።

«ወደ ኋላ እህቴ፣ አየር ይግባለት!»

«ሐኪሙ እኔ ነኝ!»

«ሐኪምም ቢሆኑ አየር ይፈልጋል። ራዲዮ ላይ ሁለት እህትማማቾች ነግረውናል፤ አንዷ ታስቃለች፣ ሌላዋ ትጨቀጭቃለች።»

«የምትጨቀጭቀዋ እኔ ነኝ!»

በክንዱ ላይ አሻግራ አየች። ሙሽሪት ተንበርክካ በጎኑ አዙራዋለች። ኮት ተጣጥፎ ራሱ ስር ገብቷል፤ ቢላዋው ርቋል። ካሜራ ማኑ ሰዓቱን እያየ «ሁለት ደቂቃ!» ይላል። ቀጥሎ መንቀጥቀጡ ቆመ።

ሙሽራው ዓይኑን ሲገልጥ ግራ ተጋብቶ ነበር። «እዚሁ ነኝ፣ አረፍ በል» አለችው ሙሽሪት። «ኬኩ እንደሆነ እግር የለው።»

እናቱ ዙሪያውን ቃኘች። ጎረቤቶቿ በሙሉ እዚያው ናቸው። አንድም የሸሸ የለም። የጎረቤቷን እጅ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች።

ሙሽራው አርፎ ኬኩ ተቆረጠ፤ ሙዚቃው ቀጠለ። አባቷ አንጎሌን እንባና ሳቅ ሲቀላቀልባት አገኟት።

«ምን ሠራሽለት ልጄ?»

«ምንም አልሠራሁም አባዬ።»

«ታዲያ ምን ያስቅሻል?»

«ሥራ ፈት አደረጉኝ እኮ!»

«እንግዲያው ሥራ ከፈታሽ» አሉ እጇን እየጎተቱ፣ «ነይ ከሽማግሌ ጋር ጨፍሪ።»